«ታሪካዊቷን ሳቫና በአንድ ቀን» የሚለውን የቡድን ጉብኝት ከመግዛታችሁ በፊት

በአትላንታና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም እናት አባቶቻችሁን ከአገር ቤት አስመጥታችሁ አንድ ደህና ቦታ ልታሳዩአቸው ላሰባችሁ፣ በየቴሌግራሙ እየተዘዋወረ ስላለው የሳቫና የቡድን ጉብኝት ማስጠንቀቅ ግዴታዬ ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ጽፌአለሁ። በጉዞው ላይ እናቴን ይዤ ነበርኩ። ከተመለስን በኋላም አብረውን የተጓዙ ቤተሰቦችን አነጋግሬ ደረሰኞቻቸውንና ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትን መልእክት ተመልክቻለሁ። ተመሳሳይ ማስታወቂያ የሚለጥፉ ሌሎችም ስላሉና ከአንድ ሻጭ ስም ይልቅ አሠራሩን ማወቅ ስለሚጠቅማችሁ ስሙን አልጠቅስም።

ማስታወቂያው የወጣው ለአሜሪካ የነጻነት በዓል ሰሞን ነበር። ለአንድ ሰው 149 ዶላር ተከፍሎ ማለዳ ከአትላንታ ተነስቶ ማታ የሚመለስ ምቹ አውቶቡስ፣ አማርኛ ተናጋሪ አስጎብኚ፣ የጾም ምሳ፣ በታሪካዊቷ ከተማ ሙሉ ቀን፣ ከዚያም በታይቢ ደሴት የባሕር ዳርቻ ዕረፍት እንደሚኖር ተገልጿል። ከጽሑፉ ሥር የኦወንስ ቶማስ ቤት፣ የፈርስት አፍሪካን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን፣ የቦናቬንቸር መካነ መቃብርና የፎርሳይዝ መናፈሻ ፏፏቴ ፎቶግራፎች ተደርድረዋል። ስንት ሰዓት የት እንደምንቆይ፣ የትኛው ቤት ውስጥ እንደምንገባ፣ የመግቢያውን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም።

ይህ ዕቅድ ገና ከመነሻው የማይሆን እንደነበር ርቀቱ ብቻ ይናገራል። ከአትላንታ ሳቫና 250 ማይል ያህል፣ ማለትም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ነጻ ሲሆን በትንሽ መኪና አራት ሰዓት ይወስዳል። ደርሶ መልሱ ስምንት ሰዓት ማለት ሲሆን፣ ለአውቶቡስ ማረፊያና ለበዓል የመኪና መጨናነቅ ሲታሰብለት ከዚያም በላይ ይሆናል። ታይቢ ደግሞ ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ 18 ማይል ያህል ስለሚርቅ መሄዱና መመለሱ ሌላ ሰዓት ይበላል። እኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንድንሰበሰብ ታዝዘን ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነሳን፤ ሳቫና የደረስነው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፣ አሥር ሰዓት ላይ ወደ አውቶቡሱ እንድንመለስ ተነገረን። ታይቢ «በትራፊክ ምክንያት» ተሰረዘ። በጁላይ መጀመሪያ በዚያ መንገድ ላይ መጨናነቅ መኖሩን ጉብኝት የሚሸጥ ሰው አላውቅም ሊል አይችልም።

ከገንዘቡ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር። አውቶቡሱን ጠዋት ያመጣው አሽከርካሪ ማታም የመለሰን እርሱው ብቻ ነበር። ከስቴት ወደ ስቴት መንገደኛ ለሚያጓጉዙ አሽከርካሪዎች የተደነገገው የፌዴራል ደንብ፣ ስምንት ተከታታይ ሰዓት ካረፉ በኋላ ከ10 ሰዓት በላይ እንዳይነዱ፣ በሥራ ላይ 15 ሰዓት ከሞላቸው በኋላም መሪ እንዳይጨብጡ ይከለክላል። የእኛ ጉዞ ከጆርጂያ ባይወጣም ልኩ ለመመዘኛ ይሆናችኋል፤ ማስታወቂያው የዘረዘረው ሁሉ በእርግጥ ቢፈጸም ኖሮ አንድ አሽከርካሪ ወደዚያ ወሰን መቅረቡ ወይም ማለፉ አይቀርም ነበር። ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን ጭኖ ሌሊት በአውራ ጎዳና የሚመለስ አውቶቡስ ሁለተኛ አሽከርካሪ ይኑረው አይኑረው መጠየቅ እንደ ጨዋነት ጉድለት ሊታይ አይገባም።

ከተማዋ ውስጥ የሆነውን ልግለጽ። ሳቫና በ1733 እ.ኤ.አ. በጄምስ ኦግልቶርፕ የተመሠረተች፣ በአደባባዮች ዙሪያ የተነደፈች ከተማ ናት፤ በመጀመሪያው ንድፍና በተከታዩ መስፋፋት ከተሠሩት 24 አደባባዮች 22ቱ ዛሬም አሉ። መልካቸውን የሚሰጧቸው ትልልቆቹ የኦክ ዛፎችና ከቅርንጫፎቻቸው የሚንጠለጠለው ሽበት መሳይ ተክል ናቸው። ይህች ከተማ ከአንዱ አደባባይ ወደ ሌላው በእግር እየተሻገሩ፣ በየጥላው እያረፉ የሚያዩአት ናት። እኛ ግን አብዛኛውን ያየነው ከመስኮት ነው። በፎቶግራፉ ላይ የነበረው ኦወንስ ቶማስ ቤት፣ በ1819 የተጠናቀቀውና በግቢው ውስጥ ባሮች ይኖሩበት የነበረው ክፍል እስካሁን የቆመበት ቤት፣ «በስተቀኝ ያለው ነው» ተብሎ ታለፈ። ቤቱን ከውስጥ ለማየት የተወሰነ ሰዓት ያለው ትኬት ያስፈልጋል፤ ሻጩም ለቡድናችን አልያዘም።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ የሆነው ይበልጥ አሳዘነኝ። የፈርስት አፍሪካን ባፕቲስት ምእመናን ታሪካቸውን እስከ 1770ዎቹ ይቆጥራሉ፤ በፍራንክሊን አደባባይ ያለው ሕንፃ በ1859 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ በባርነት ሥር የነበሩ ሰዎች የቀን ሥራቸውን ጨርሰው ማታ ማታ እንደሠሩት ይነገራል። በታችኛው ወለል ላይ በጌጥ መልክ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ እነዚህን ቀዳዳዎች ከወለሉ በታች የተደበቁ ሸሽተው የወጡ ሰዎች የሚተነፍሱባቸው ነበሩ ብሎ ያስረዳል። እናቴ ይህን ሰምታ ስለነበር ለማየት የጓጓችው እርሱን ነበር። ጉብኝቱ በተወሰነ ሰዓት ብቻ የሚካሄድና የራሱ ክፍያ ያለው መሆኑን ያወቅነው በሩ ላይ ቆመን ነው፤ ሰዓቱም አልፎ ነበር።

«አማርኛ ተናጋሪ አስጎብኚ» የተባለው ወጣት ከስልኩ ላይ እያነበበ ነበር። በወጣቱ አልፈርድም፤ ሳያሠለጥን የላከው ሻጩ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር ጄኔራል የነበረው ሸርማን በታኅሣሥ 1864 ከተማዋን ያላቃጠላት «ውበቷን አይቶ» እንደሆነ ነገረን። እውነቱ ግን የከተማዋ ሹማምንት ያለ ውጊያ እጃቸውን መስጠታቸው ነው። ይኸው ጄኔራል ያረፈበት ቤት በማዲሰን አደባባይ ዛሬም አለ፤ በጥር 1865 ሃያ ጥቁር የሃይማኖት መሪዎች ከእርሱና ከጦር ሚኒስትሩ ስታንተን ጋር ተገናኝተው ለሕዝባቸው ምን እንደሚሹ የተጠየቁት እዚያ ነው። ቃል አቀባያቸው ጋሪሰን ፍሬዚየርም የሚሹት የራሳቸው መሬት እንደሆነ መለሱ፤ ከቀናት በኋላም ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር መሬት የሚሰጠው ትእዛዝ ወጣ። በዚያ ቤት በራፍ አልፈን ስለዚህ አንድ ቃል አልሰማንም። በማርች 1859 ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ የፈረስ መሮጫ ሜዳ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ከ400 በላይ ሰዎች በጨረታ ስለመሸጣቸውም እንዲሁ። ወደ ደቡብ የሚሄድ ጥቁር ቤተሰብ ይህን ሳይሰማ ከተመለሰ ገንዘቡን ለአውቶቡስ ወንበር ብቻ ከፍሏል ማለት ነው።

በሳቫና አስጎብኚዎች ቀድሞ የከተማዋን የታሪክ ፈተና ማለፍና ፈቃድ ማውጣት ነበረባቸው። ከተማዋ ይህን ግዴታ በ2015 አንስታለች፤ የፌዴራል ፍርድ ቤትም በ2019 ግዴታው የመናገር ነጻነትን የሚጥስ እንደነበር ወስኗል። ስለዚህ ዛሬ ማንም ሰው ተነስቶ አስጎብኚ ነኝ ሊል ይችላል። በጣም ጥሩ አስጎብኚዎች በከተማዋ ሞልተዋል፤ ነገር ግን ችሎታቸውን የሚያረጋግጥላችሁ ፈቃድ ስለሌለ፣ ማን እንደሚያስጎበኛችሁና ስንት ዓመት እንደሠራ መጠየቅ የእናንተ ፈንታ ነው።

በ149 ዶላሩ ላይ የተደረበውም ቀላል አልነበረም። አውቶቡሱ ከተነሳ በኋላ «የነዳጅ ጭማሪ» ተብሎ በጥሬ ገንዘብ ተሰበሰበ። ሳቫና ስንደርስ ትልቁ አውቶቡስ በጠባቦቹ መንገዶች ላይ እንደልቡ ሊዞር ስለማይችል፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ማየት የፈለገ የትሮሊ፣ ማለትም ጎብኚዎችን በከተማዋ የሚያዞር አነስተኛ አውቶቡስ፣ ትኬት ለብቻው እንዲገዛ ተነገረ። ስንመለስም የአሽከርካሪውና የአስጎብኚው ጉርሻ መጠኑ ተቆርጦ ተጠየቀ። የጾም ምሳ የተባለው፣ የሰኔ ጾም ገና ሳይፈታ፣ ሽሪምፕና ዶሮ ከሚሸጥ ምግብ ቤት የተሰጠ የ10 ዶላር ኩፖን ነበር። ጿሚዎቹ አረጋውያን የተጠበሰ ድንችና ውኃ ይዘው ተመለሱ።

ወደ ወንዙ ዳር መውረዱ ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ ነበር። ሪቨር ስትሪት ከከተማዋ ሜዳ ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ የድሮ የጥጥ መጋዘኖች የቆሙበት መንገድ ነው፤ ከመርከቦች በወረደ ድንጋይ የተነጠፈ በመሆኑ እግር አይቀመጥበትም፤ የሚወርዱባቸው ጥንታዊ ደረጃዎችም በጣም ቀጥ ያሉ ስለሆኑ «በራሳችሁ ኃላፊነት ተጠቀሙ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸዋል። አስጎብኚው ጉልበታቸው የሚያማቸውን እናቶች በዚያ ደረጃ አወረዳቸው። ከከተማው አዳራሽ አጠገብ የሕዝብ ሊፍት መኖሩን የነገረን አንዲት ባለ ሱቅ ናት።

ከጉዞው በኋላ ገንዘብ የማስመለሱ ጥረት እንዴት እንደሄደ በዝርዝር መንገር ያለብኝ እዚህ ላይ ነው። ሻጩ አውቶቡሱ የሌላ ድርጅት መሆኑን፣ ትሮሊውም የሌላ መሆኑን፣ እርሱ «አገናኝ ብቻ» መሆኑን ጽፎ መለሰ። በዜል፣ ማለትም ገንዘብ በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ በሚላክበት አገልግሎት፣ የከፈሉት ቤተሰቦች ባንካቸውን ሲጠይቁ፣ ራሳቸው አውቀው የላኩት ገንዘብ በመሆኑ ሊመለስ እንደማይችል ተነገራቸው፤ ዜል ለተገዛ አገልግሎት ዋስትና እንደማይሰጥ ራሱም ያስታውቃል። እኔ በክሬዲት ካርድ ስለከፈልሁ፣ ማስታወቂያውን በፎቶ አስቀምጬ፣ የተነሳንበትንና የደረስንበትን ሰዓት ጽፌ ለካርድ ሰጪው ባንክ ተቃውሞ አቀረብኩ፤ ከከፈልሁት የሚበልጠው ክፍል ተመልሶልኛል። ሁላችንም ተመሳሳይ ጉዞ ተጉዘን፣ ልዩነት ያመጣው የከፈልንበት መንገድ ብቻ ነው። ሻጩ «በካርድ ከሆነ አልቀበልም» ወይም «በዜል ከላክህ እቀንስልሃለሁ» ካለ፣ ከዚያ ቅናሽ ጋር አብሮ የሚሄደው መብታችሁ መሆኑን እወቁ። ዴቢት ካርድም ቢሆን በሕግ ከክሬዲት ካርድ ጋር እኩል ጥበቃ የለውም።

ብዙ ሰው ደግሞ የፈረመውን ማናቸውንም ውል በሦስት ቀን ውስጥ መሰረዝ የሚችል ይመስለዋል። የፌዴራሉ የሦስት ቀን ደንብ የሚሠራው ሻጩ ቤታችሁ መጥቶ ወይም እንደ ሆቴል አዳራሽ ባለ ጊዜያዊ ቦታ ላይ ሲሸጥላችሁ ነው፤ በኢንተርኔት ወይም ሙሉ በሙሉ በስልክ የተፈጸመን ግዢ አይሸፍንም። ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ስለ መሰረዝ በጽሑፍ ያልተስማማችሁት ነገር ኋላ ላይ አይገኝም።

አሁንም በቡድን መሄድ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ሻጩን በጽሑፍ እንዲመልስላችሁ ጠይቁት፤ በስልክ የሚነገር ተስፋ አይበቃም። ሳቫና ውስጥ ስንት ሰዓት እንቆያለን? የትኞቹ ቤቶች ውስጥ እንገባለን፣ ለስንት ሰዓትስ ትኬት ተይዟል? አውቶቡሱ የማን ነው፣ በጎኑ ላይ የተጻፈው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ቁጥር ስንት ነው? ጉዞው ከተበላሸ ገንዘቡን የሚመልሰው ማን ነው? በቅን ልቦና የሚሠራ ሰው እነዚህን በአንድ ገጽ ይመልሳቸዋል።

ነገር ግን ቤተሰብ ሆናችሁ ከሆነ ሒሳቡን ራሳችሁ አስሉት። ለአራት ሰው 149 ዶላር፣ ጭማሪው ሳይቆጠር፣ 596 ዶላር ይሆናል። በራሳችሁ መኪና ሄዳችሁ፣ ከበዓል ሰሞን ውጭ አንድ ሌሊት ብታድሩ፣ በዚያ ገንዘብ የተሻለ ታያላችሁ። በሆቴሉ ዋጋ ላይ ጆርጂያ በየሌሊቱ 5 ዶላር እንደምትጨምርና የከተማው ግብር እንደሚደረብ አስቡ። በማርች የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ሰሞንም አትሂዱ፤ ያን ጊዜ የአልጋ ዋጋ አይቀመስም። አደባባዮቹ፣ የፎርሳይዝ መናፈሻና በ1858 የተተከለው ፏፏቴ፣ የቦናቬንቸር መካነ መቃብርም መግቢያ አይጠየቅባቸውም። መሐል ከተማውን የሚዞረው ዶት የተባለው አውቶቡስና ወንዙን የሚያሻግረው የከተማው ጀልባም ነጻ ናቸው። ገንዘባችሁን ለኦወንስ ቶማስ ቤትና ለፈርስት አፍሪካን ባፕቲስት ጉብኝት አስቀምጡት፤ የሁለቱንም ሰዓት አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

በዚህ ጉዞ ላይ አብራችሁን ለነበራችሁ ደግሞ፣ ጊዜው ሳያልፍባችሁ ዛሬውኑ ጀምሩ። በክሬዲት ካርድ የከፈላችሁ፣ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያው የሒሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ተቃውሞአችሁ ለባንኩ በጽሑፍ መድረስ አለበት። በዜል የከፈላችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ በጆርጂያ የሸማቾች ሕግ መሠረት ለመክሰስ ከማሰባችሁ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድማችሁ የተፈጸመባችሁን በደልና የምትጠይቁትን ገንዘብ ዘርዝራችሁ ለሻጩ ደብዳቤ ላኩ፤ የደብዳቤውን ቅጂና የላካችሁበትን ማረጋገጫ ያዙ። ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍልም አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ። መልስ ከታጣ፣ እስከ 15,000 ዶላር የሚደርስ ጉዳይ ያለ ጠበቃ በካውንቲው ማጅስትሬት ፍርድ ቤት ይታያል። ማስታወቂያው ከገጹ ላይ ሳይነሳ በፊትም ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት።