መጽሐፉን ልግዛ ወይስ ፊልሙን ላስጭን? ክፉዎቹ የት ላይ እንደለዘቡ አይታችሁ ምረጡ

ባለፈው ቅዳሜ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ነበር። ፈተና ጨርሳለች፤ ክረምቱን የምታሳልፍበት ረጅም ታሪክ ፈልጋለች።

«ጋሼ፣ ጌም ኦፍ ትሮንስን መጽሐፉን ልግዛ ወይስ ፊልሙን በፍላሽ ላስጭን?» አለችኝ።

«ለማን ብለሽ ነው የፈለግሽው?»

«ለቲሪየን ነዋ! ጓደኞቼ ሁሉ የሚያወሩት ስለ እሱ ነው።»

ቶሎ መመለስ አልቻልኩም። የፊልሙ ቲሪየንና የመጽሐፉ ቲሪየን በስም ይገናኛሉ እንጂ በሥራቸው በጣም ይለያያሉ። እሷ የምትወደው የትኛውን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት ላማክራት? ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ለሚያስብ ሰው ነው። ታሪኩን ያልጨረሳችሁ ግን እወቁት፤ ወሳኝ የሆኑ ነገሮችን እናገራለሁ።

ቲሪየን

ቲሪየን ከኃያል ቤተሰብ የተወለደ ብልህ ድንክ ነው። የጌም ኦፍ ትሮንስ ደራሲ የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ሦስተኛ መጽሐፍ በ2000 ወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። እዚያ ውስጥ አንድ ዘፋኝ አለ። የቲሪየንንና የድብቅ ፍቅረኛውን የሼይን ምስጢር ያውቃል፤ በዚያም ያስፈራራዋል። ቲሪየን ያስገድለዋል። አስክሬኑም ለድሆች ሾርባ ወደሚሠራበት ማሰሮ ይገባል። ፊልሙ ውስጥ ይህ ዘፋኝ የለም።

ከዚያ የሼይ ሞት ይመጣል። ቲሪየን አባቱ አልጋ ላይ ያገኛታል። በፊልሙ መጀመሪያ ቢላዋ የምታነሳው እሷ ናት። ስለዚህ እጁ አንገቷ ላይ ሲያርፍ ተመልካቹ «ራሱን ሲከላከል ነው» ለማለት መንገድ አለው። በመጽሐፉ ቢላዋ የለም። ባዶ እጇን ናት። በወርቅ ሰንሰለት አንቆ ይገድላታል። እኔ ያንን ገጽ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ግቢ ወጥቻለሁ።

የበለጠ የከነከነኝ ግን የሁለቱ ወንድማማቾች ስንብት ነው። በፊልሙ ጄሚ ወንድሙን ከእስር ያስወጣዋል፤ ተቃቅፈው ይለያያሉ። በመጽሐፉ ጄሚ ለዓመታት የደበቀውን ያወጣል። ቲሪየን በወጣትነቱ ያገባት ልጅ በገንዘብ የተገዛች ሴት አልነበረችም። ከልቧ የወደደችው ነበረች። ቲሪየን ይህን ሲሰማ «ልጅህን ጆፍሪን የገደልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ይዋሸዋል። ሆን ብሎ፣ ወንድሙን ለማቁሰል። ፊልሙ ይህን ትቶ እቅፉን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ አባቱን ሲገድል የመጽሐፉ ቁጣ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል፤ በፊልሙ ግን ግማሹ ምክንያት ጎድሏል።

በአምስተኛው መጽሐፍም እምቢ ማለት በማትችል ባሪያ ሴት ላይ የሚፈጽመው በደል አለ። በፊልሙ ወደ ተመሳሳይ ቤት ይገባል፤ ግን ሴቲቱን ሳይነካ ይወጣል።

ለምን ተለሳለሰ? አንዱ ምክንያት ተዋናዩ ነው። ፒተር ዲንክሌጅ በዚህ ሚና ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት አራት ጊዜ ተሸልሟል። ስምንት ሲዝን የሚሄድ ተከታታይ ፊልም ተመልካቹ የሚናፍቀው ፊት ያስፈልገዋል። ሌላው ከአጻጻፉ ይመጣል። ማርቲን እያንዳንዱን ምዕራፍ በአንድ ሰው ዓይን ነው የሚተርከው። የቲሪየን ጭንቅላት ውስጥ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ እንኖራለን። ሕመሙን ስለምናውቅ ክፉ ሲሠራም ጥለነው አንሄድም። ካሜራ ያ ዕድል የለውም። የሚያየው ድርጊቱን ነው። ስለዚህ ድርጊቱን ቀነሱለት።

ሰርሲ

ንግሥቲቱ ሰርሲ የቲሪየንና የጄሚ እህት ናት፤ ጆፍሪንም በስውር ከጄሚ ነው የወለደችው። የእሷ ነገር የቲሪየን ግልባጭ ነው። በመጽሐፎቹ የእሷን ሐሳብ ከውስጥ ማግኘት የምንጀምረው በ2005 በወጣው አራተኛው ላይ ነው። እስከዚያ በሌሎች ዓይን ነው የምናያት፤ ቀዝቃዛና አስፈሪ ሆና። ፊልሙ ግን ገና በመጀመሪያው ሲዝን በሩን ከፍቶ አስገባን። የሞተባትን ጥቁር ፀጉር ሕፃን እያስታወሰች የምትናገርበት ትዕይንት አንጀት ይበላል። በመጽሐፉ ያ ሕፃን አልተወለደም። ከንጉሡ የፀነሰችውን ራሷ አስወርዳለች።

የንጉሡን ዲቃሎች ማን አስገደለ? በመጽሐፉ እሷ፤ በፊልሙ ልጇ ጆፍሪ። ይህች አንዲት ለውጥ ቀላል አይደለችም። ሕፃናትን ያስጨረሰች ንግሥት፣ ልጇ ከእጇ ያመለጠባት እናት ሆነች ማለት ነው። ተዋናይዋ ሊና ሄዲ ድንቅ ናት፤ እሷን እያየሁ አዝኛለሁ። ግን የማዝነው ለሌላ ሴት እንደሆነ መጽሐፉን ካነበብኩ በኋላ ገባኝ።

ሌሎቹን ለምታማርጡ

ዘ ዊል ኦፍ ታይም ላይ ሊያንድሪን የምትባል ሴት አለች። በሮበርት ጆርዳን መጽሐፎች ጨካኝና ሥልጣን ወዳድ ናት። ፊልሙ በሁለተኛው ሲዝን በስውር የምታስታምመው ያረጀ ልጅ ሰጣት፤ አስማተኛ ስለሆነች እሷ ሳታረጅ ልጇ አርጅቷል። ትዕይንቱ ጥሩ ነው፤ አልክድም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ፊልሙ በ2021 ተጀምሮ ከሦስተኛው ሲዝን በኋላ በ2025 ተቋረጠ። ያዘናችሁላት ሴት የት እንደምትደርስ ሳታዩ ትቀራላችሁ። መጽሐፎቹ ግን ተጠናቀዋል፤ 14 ዋና ቅጾች ናቸው። ጆርዳን በ2007 ሲሞት የመጨረሻዎቹን ሦስት ብራንደን ሳንደርሰን ከማስታወሻዎቹ ተነስቶ ጨረሳቸው። ስለዚህ እዚህ ላይ አልወላውልም፤ ትዕግሥት ካላችሁ መጽሐፉን ግዙ።

ሻዶው ኤንድ ቦን ላይም እንዲሁ ነው። ዳርክሊንግ የሚባለው ሰው በመጽሐፎቹ ስሙን የሚገልጠው በሦስተኛው ላይ ነው። ፊልሙ በመጀመሪያው ሲዝን ስሙንም፣ የተገደለችበትን ፍቅረኛም ሰጠን። ምስጢሩ አለቀ። ይህም ከሁለት ሲዝን በኋላ ተቋርጧል።

እኔ ፊልሙን የምመርጥበት አንድ ታሪክ አለ። ሂዝ ዳርክ ማቴሪያልስ። የፊሊፕ ፑልማን ሚስስ ኮልተር ሕፃናትን እያታለለች የምትወስድ ሴት ናት። በመጽሐፉ ውበቷና ጭካኔዋ ከሩቅ ነው የሚታየው፤ ብዙ ጊዜ በልጆች ዓይን። በፊልሙ ሩት ዊልሰን ብቻዋን ስትሆን እናያታለን። ሴት በመሆኗ የተዘጋባትን በር፣ ራሷን መጥላቷን፣ እንስሳ ሆኖ አብሯት የሚሄደውን የገዛ ነፍሷን፣ ዝንጀሮውን፣ ስታሠቃይ እናያለን። ታሳዝናለች። ነገር ግን ልጆቹ ላይ የሠራችው አንድም አልተቀነሰላትም። በደሉ ሙሉ በሙሉ ፊታችሁ ተቀምጦ ነው የምታዝኑላት። ለቲሪየን ያላደረጉለት ይህንን ነው። ሦስት ሲዝን ብቻ ነው፣ አልቋል፣ ጎረምሳ ልጆች ካሏችሁም አብራችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ጌም ኦፍ ትሮንስን ግን ሳሎን ውስጥ ከቤተሰብ ጋር እንዳትሞክሩት።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

የማርቲን መጽሐፎች አላለቁም። የወጡት አምስት ናቸው፤ አምስተኛው የታተመው በ2011 ነው። ፊልሙ በ73 ክፍሎች በ2019 አልቋል። መጨረሻውን ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም የሚል ሰው ፊልሙን ይያዝ። መብራት ሲጠፋ፣ ዳታ ሲያልቅ ሻማ አብርቶ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ እኔ ተጎድቼበታለሁ። ሦስተኛው መጽሐፍ በጣም ወፍራም ስለሆነ በአንዳንድ የእንግሊዝ እትሞች ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚሸጠው። አምስተኛውም እንደዚያው። ከአንድ ያገለገለ መጽሐፍ ሻጭ ሦስተኛውን ገዛሁ። ሙሉ ነው ተብዬ ነበር። ቤት ገብቼ ሳነብ ታሪኩ መሃል ላይ ቆመ። የሼይ ሞትም፣ የወንድማማቾቹ ስንብትም ያሉት በሁለተኛው ግማሽ ነው። ያን ግማሽ ለማግኘት ወራት ፈጀብኝ። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ክፍል አንድ ወይም ክፍል ሁለት የሚል መኖሩን እዩ። ኮፒ ከሆነም መሃሉንና መጨረሻውን ገልጣችሁ ገጽ አለመጉደሉን፣ ቀለሙ አለመደብዘዙን አረጋግጡ።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምታ ዝም አለች። ሐይቁን እያየች ቆየችና «እና ሼይን ባዶ እጇን እያለች ነው የገደላት?» አለች።

«አዎ።»

«እንግዲያው መጽሐፉን ነው የምፈልገው። የሚወዱት ማንን እንደሆነ ልወቅላቸው።»

የመጀመሪያውን በማግስቱ ፒያሳ ሄደን ገዛን። የሦስተኛውን ሁለት ግማሾች ከእኔ ትወስዳለች።