«ጀሶ» ተብሎ የሚሸጠውን ኖራ ለሶዲየማማ መሬታችሁ አትግዙ

በመካከለኛው አዋሽ በመስኖ ስንዴና በቆሎ የምታመርቱ ሁሉ ልብ በሉ። ሰሞኑን በአካባቢያችን የሚዞር አንድ ነጋዴ ነጭ ዱቄት በኩንታል እየሞላ «ሶዲየምን የሚያስወግድ ጀሶ ነው» እያለ ይሸጣል። በኩንታሉ ውስጥ ያለው ግን የእርሻ ኖራ ነው። «ጎጃም ውስጥ ምርት አሳድጓል» ማለቱ ሐሰት አይደለም፤ ተንኮሉም ያለው እዚያ ላይ ነው። ኖራ አሲዳማ አፈርን ያክማል። የእኛ ችግር ተቃራኒው ነው፤ አፈራችን ሶዲየማማ ነው፣ ማለትም ሶዲየም የበዛበት። ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲዳማነቱ ይቀንሳል) ከ8.5 በላይ በሆነ አፈር ውስጥ ኖራ እምብዛም አይሟሟም፤ እንደተበተነ ይቀራል፣ ገንዘባችሁም አብሮት።

እንዲህ ያለው አፈር ሲረጥብ ይላቆጣል፣ ሲደርቅ ይደነድናል፣ ውሃ ይተኛበታል፣ ቡቃያውም የላዩን ቅርፊት ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል። ጀሶ፣ ማለትም ካልሲየም ሰልፌት፣ ሲሟሟ ካልሲየሙ የሶዲየሙን ቦታ ይይዛል። የተለቀቀው ሶዲየም ደግሞ በውሃ ታጥቦ በማፋሰሻ ቦይ ካልወጣ ድካሙ ከንቱ ነው። ስለ ማፋሰሻ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ጀሶ የሚሸጥላችሁ ሰው፣ ዕቃው እውነተኛ ቢሆን እንኳ፣ ዋናውን ነገር ደብቋችኋል።

መለያው ቀላል ነው። ከዱቄቱ ጥቂት ወስዳችሁ አቼቶ አንጠባጥቡበት። በደንብ ከተንተከተከና አረፋ ካወጣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ሳይንተከተክ ቢቀር ግን ጀሶ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የተቃጠለ ኖራም ላይንተከተክ ይችላል። ስለዚህ የካልሲየምና የሰልፈር መጠኑን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ውጤት ጠይቁ፤ በንጹሕ ጀሶ ውስጥ 23 በመቶ ገደማ ካልሲየም፣ 18 በመቶ ገደማ ሰልፈር አለ።

«ለሄክታር 2 ኩንታል ይበቃል» የሚለውንም አትመኑ። በላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከእያንዳንዱ ኪሎ ግራም አፈር 1 ሳንቲሞል (0.23 ግራም ገደማ) ሶዲየም ለማስለቀቅ ብቻ በሄክታር ወደ 18 ኩንታል ንጹሕ ጀሶ ይጠይቃል። በ5 ሊትር ጀሪካን የሚቀርበው ፈሳሽ «የአፈር መድኃኒት»ማ ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው ቀልድ ነው።

ከምንም በፊት አፈራችሁን አስመርምሩ። ነጭ ጨው የሚታይበት መሬት ሁሉ ሶዲየማማ አይደለም፤ ጨዋማ ብቻ ከሆነ በጥሩ ውሃ ማጠብና ማፋሰስ ይበቃዋል፣ ጀሶም አያስፈልገውም። ኖራውን የገዛችሁ ደግሞ አትበትኑት፤ ከረጢቱንና ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ ማግኘት በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተደነገገ የሸማች መብት ነው።