የቤቴ ኮምፒውተር ከአሥራ አንድ ወር በኋላ፦ መጀመሪያ መብራቱን ማሰብ ነበረብኝ

ኮምፒውተሩን የገጣጠምኩት በ2017 ጥቅምት፣ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው መንገድ አጠገብ ባለችው አሮጌ ቤታችን፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። አንድ ካቻቢቴና ብሎኖቹ እንዳይጠፉ አንድ የሻይ ሰሃን፤ ሌላ መሣሪያ አላስፈለገኝም። ይኸው መስከረም ጠባ። የትርጉም ሥራዬ፣ የልጄ የትምህርት ቤት ሥራ፣ ማታ ማታ ባለቤቴ የሚከታተለው ዜና፣ ሁሉም በዚህ ኮምፒውተር ላይ ነው።

ዋጋውን በብር አልጽፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አልረጋም፤ እኔ የከፈልኩትን ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ይሳሳታል። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ብገዛ በርካሽ እገላገል እንደነበር አውቃለሁ። ያየኋቸው አብዛኞቹ ግን ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠራ የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና አሳቢ ክፍል) ያላቸው ናቸው። ዊንዶውስ 11 እነዚህን በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 የሚያበቃ ነበር። ስለዚህ አዲስ ዕቃ በየሱቁ ለቃቅሜ ልገጣጥም ወሰንኩ።

የመረጥኩት ፕሮሰሰር ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ ነው። ስድስት ኮር አለው፤ ምስል የሚያወጣው ክፍልም እዚያው ውስጥ ስለተሠራ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ አልገዛሁም። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔት፣ ለቪዲዮ ከበቂ በላይ ነው፤ በዚህ በኩል አንድም ቀን አላዘንኩም። ያዘንኩት በመጀመሪያው ምሽት ነው። ሁሉን አገናኝቼ ማብሪያውን ስጫን ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ ሦስት ጊዜ መልሼ ገጠምኩት። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ሰሌዳ) ፕሮሰሰሩ ከመውጣቱ በፊት የተመረተና ሱቅ ውስጥ የቆየ ኖሯል፤ ባዮሱ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ኮምፒውተሩን የሚያስነሣ ፕሮግራም፣ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም። በማግስቱ ሻጩ ሌላ የቆየ ፕሮሰሰር ሰክቶ ባዮሱን ሲያድስልኝ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ማዘርቦርድ ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ በራሳችሁ ፕሮሰሰር ተነሥቶ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ራሙን (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) በተመለከተ መጀመሪያ የገዛሁት ባለ 8 ጊጋባይት አንድ ፍሬ ነበር። ጥር ላይ ሁለተኛውን ስጨምር ልዩነቱ ወዲያው ታየኝ። ምስል የሚያወጣው ክፍል የሚጠቀመው ዋናውን ራም ስለሆነ ሁለት ፍሬ ሲሆን መንገዱ በእጥፍ ይሰፋለታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሁለተኛው ሳምንት ገደማ የብረት ሣጥኑን በነካሁ ቁጥር ጣቴን ይነዝረኝ ጀመር። ቀላል ነው፤ በባዶ እግሬ ሲሆን ግን ይብሳል። ልጄ ቻርጀር ልትሰካ ሄዳ እጇን መንጭቃ ስትመለስ ሳይ ፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬት የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ የሚያመቻቸው ክፍል) ተበላሽቷል ብዬ አጠፋሁትና የሰፈራችንን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠራሁ። ወጣት ልጅ ነው። ሶኬቱን ፈትቶ ሁለት ሽቦ ብቻ አሳየኝና፣ «እትዬ፣ ኮምፒውተርዎ ደኅና ነው። ግራውንድ የሌለው ቤትዎ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የመስመሩን ረብሻ የሚያጣሩ ካፓሲተር የሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች አሉ፤ ከሁለቱም ሽቦ ወደ ሣጥኑ ጥቂት ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ። ሦስተኛው፣ የመሬቱ ሽቦ (ግራውንዱ) ካለ ይህ ወደ መሬት ይወርዳል። ከሌለ ሣጥኑ የ220 ቮልቱን ግማሽ ያህል ይዞ ይቀመጣል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይጎዳም። ነገር ግን ውስጥ ሌላ ብልሽት ቢመጣ ያ ሣጥን ገዳይ ይሆናል፤ የሚያድን መስመርም የለም። ባለሙያው ግቢያችን ውስጥ የመዳብ ዘንግ ቀብሮ አዲስ መስመር ሳበልን፤ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከርም ጨመረበት። መንዘሩ በዚያው ዕለት ቆመ። ይህን ሥራ እባካችሁ በራሳችሁ አትሞክሩት። እንደ እኛ ያለ አሮጌ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ሁሉ ግን ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬታችሁን አስፈትሹ፤ ከልቤ የምለው ነው።

ቀጥሎ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባለ ባትሪ መሣሪያ፣ መጣ። የመጀመሪያው ርካሽ ነበር፤ መብራት ሲሄድ እርሱ እየጮኸ ኮምፒውተሩ አብሮ ጠፋ፤ ተርጉሜ ያላስቀመጥኩት አራት ገጽም ሄደ። ርካሽ ዩፒኤስ ከባትሪው የሚያወጣው ኤሌክትሪክ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው፤ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ያንን አልቀበል ብሎ ይዘጋል። ልዩነት ከፍዬ ንጹሕ፣ ያልተቆራረጠ ሞገድ በሚሰጥ ቀየርኩት። ከጠቅላላው ወጪ አንድ አምስተኛ ያህሉን ወሰደ፤ ሲከፈል አመመኝ። ክረምቱ ሲገባ ግን ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ፣ ነጎድጓድ ባለበት ከሰዓት ሁሉ፣ አንዲት ገጽ አልጠፋችብኝም። ኮምፒውተሩና ስክሪኑ ተራ ሥራ ላይ ትንሽ ኃይል ስለሚበቃቸው ሃያ ደቂቃ ያህል ያቆየኛል፤ ራውተሩንም እዚያው ስለሰካሁ ኢንተርኔቱ አይቋረጥም። ዕቃ የሚያቃጥለው ደግሞ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት መሆኑን ፍሪጅ ያለው ሁሉ ያውቃል። ያን ጊዜም ዩፒኤሱ መሐል ይገባል።

ሙቀት አሳስቦኝ ነበር። ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር አየራችን ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል። ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ፋን ግን በከባድ ሥራም ከ80 ዲግሪ አላሳለፈውም፤ የፕሮሰሰሩ ወሰን 95 ነው። የከተማችን ብርድ ጥቅም አለው። አቧራው ግን ያስቸግራል፤ በጋውን በየወሩ በለስላሳ ብሩሽ እጠርገዋለሁ።

እንደገና ብገነባ ፕሮሰሰሩን አንድ ደረጃ ዝቅ አደርግና መጀመሪያ የመሬት መስመሩን፣ ከዚያ ዩፒኤሱን እገዛለሁ። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ውስጥ መቀየሩ ስለማይቀር ከአሁኑ በየወሩ ጥቂት አስቀምጣለሁ። ባለሙያው ደግሞ መሬቱ ሲደርቅ ዘንጉ ሥራውን በደንብ እንደማይሠራ ነግሮኛል። ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ባልዲ ውኃ ዘንጉ ሥር ማፍሰስ የልጄ ሥራ ይሆናል።