ለአዲስ አበባ እንግዳ፦ ቦሌ ወይስ ፒያሳ?
ከባህር ዳር ለአራት ቀን መጥቼ መጀመሪያ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ፔንሲዮን ያዝኩ። ክፍሉ ንጹህ ነው፣ ሙቅ ውሃ አለው፣ ኤርፖርቱም ቅርብ ነው፤ ግን አጠገቡ ካለው ጭፈራ ቤት የሚመጣው ሙዚቃ እስኪነጋ አልጋዬን ሲያንቀጠቅጠው አደረ፣ ሪሴፕሽን ላይ ያለው ልጅ ደግሞ «ይለመዳል» ይለኛል። ምኑ ነው የሚለመደው! በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ ፒያሳ ወጣሁ። ክፍሉ ያረጀ ነው፣ ዋጋው ግን የቦሌውን ግማሽ አይሞላም። ጊዮርጊስም፣ በ2016 የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየምም በእግር ነው የሚደረሰው። የድሮዋን ፒያሳ ፍለጋ ከሆነ ግን ብዙው ፈርሷል፣ ሆድ ይብሳችኋል። መርካቶ ዕቃ ልትገዙ ከመጣችሁ እዚህ እደሩ። ቦሌ የሌሊት በረራ ላለው ሰው ነው፤ እሱም ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ።