ለተተከለ ኩላሊት ክትትል፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የግል ላቦራቶሪ

ኩላሊት ተተክሎለት ወሎ የሚኖር ሰው ለእያንዳንዱ የደም ምርመራ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት የለበትም። ለደምና ለሽንት ይህ ቤት ይበቃል። ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጨምራል) ውጤቱ በዕለቱ ይደርሳል፤ አቀዳዳቸውም ንጹሕ ነው።

ታክሮሊመስ (የሰውነት መከላከያ የተተከለውን ኩላሊት እንዳያጠቃ የሚዋጠው መድኃኒት) በደም ውስጥ ያለው መጠን ግን እዚያው አይለካም፤ ደሙ በበረዶ ሣጥን አዲስ አበባ ይላካል። መላኩ አያሳስብም፤ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ የተቀዳ ደም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ከተያዘ ለቀናት ይቆያል። የሚያሳስበው ሰዓቱ ነው። የማታውን ኪኒን 2 ሰዓት ላይ የዋጠ ሰው መቀዳት ያለበት ጠዋት 2 ሰዓት፣ የጠዋቱን ሳይውጥ ነው። እንግዳ ተቀባዮቹ «መድኃኒት ወስደዋል?» ብለው አይጠይቁም፣ የተቀዳበትም ሰዓት ወረቀቱ ላይ አይሰፍርም። ውጦ የተቀዳ ሰው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ሐኪሙ አምኖ መጠኑን ይቀንሳል፤ ያኔ የሰውነት መከላከያ ኩላሊቱን ማጥቃት ሊጀምር ይችላል።

የሽንት ፕሮቲን ላይ ካልተነገራቸው የመመርመሪያ ወረቀት ሽንቱ ውስጥ ነክረው ብቻ ይመልሳሉ። ሽንቱ ከቀጠነ ይህ ያሳስታል። የፕሮቲንና የክሪያቲኒን ንጽጽር ብላችሁ ጠይቁ፤ ይሠራሉ።

ትልቁ ጉድለት «ኖርማል» የሚለው ማኅተም ነው። ክሪያቲኒኑ 1.0 የነበረ ሰው 1.3 ሲገባ ወረቀቱ ኖርማል ይላል፤ በ30 በመቶ መጨመሩን ግን አይናገርም። ቁጥሩ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ውስጡ ጠባሳ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ጠባሳውን የሚያሳየው ባዮፕሲ (ከኩላሊቱ በመርፌ ትንሽ ናሙና ወስዶ በአጉሊ መነጽር ማየት) ብቻ ነው፤ ናሙናው ቢያንስ 10 ግሎሜሩለስ (ደም የሚጣራባቸው ጥቃቅን የኩላሊት ክፍሎች) እና 2 የደም ቧንቧ ሊይዝ ይገባል። በባንፍ መለኪያ (የተተከለ ኩላሊት ባዮፕሲ የሚነበብበት ዓለም አቀፍ መመዘኛ) ጠባሳው ከኩላሊቱ የውጭኛው ክፍል ከ6 እስከ 25 በመቶ ከያዘ ቀላል፣ እስከ 50 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ዋናው ነገር ግን መንስኤው ነው፤ የባንፍ ባለሙያዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ጠባሳውን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት የተዉትም ለዚህ ነው። ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ ብርጭቆ የመሰለ ዝቃጭ ሲከማች ታክሮሊመስ ይጠረጠራል (የደም ግፊትና ስኳርም ያመጡታል)፤ የግሎሜሩለስ ግድግዳ ድርብ ሲሆንና ሲ4ዲ (ፀረ እንግዳ አካል ሲያጠቃ ትቶት የሚያልፈው የፕሮቲን ምልክት) ሲገኝ መንስኤው ኩላሊቱን የሚያጠቃ የራስ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሕክምናቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ «ክሪያቲኒንዎ ደህና ነው፣ ባዮፕሲ ምን ያደርጋል» የሚል የእንግዳ ተቀባይ ምክር ከዚህ ቤት አትውሰዱ፤ እሱ የሐኪም ሥራ ነው።

ለዚህ ላቦራቶሪ የምሰጠው ነጥብ ከአምስት ሦስት ተኩል ነው። አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት የቀድሞ ውጤቶቻችሁን በቀን ቅደም ተከተል አሳትሙ፤ ከጠየቃችኋቸው ያለ ክፍያ ያወጡላችኋል።