ባለ ቢ450 ማዘርቦርድ በባሕር ዳር፦ የሙቀት ክትትሉና የኃይል አያያዙ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቀው የዲዛይንና የሕትመት ቤቴ ውስጥ፣ ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ቺፕ) የተገጠመበትን ባለ ቢ450 ቺፕሴት ማዘርቦርድ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚያያዙበትን ዋና ሰሌዳ፣ ላለፉት ወራት ከጠዋት እስከ ማታ ስሠራበት ቆይቻለሁ። ፍጥነቱ ለሥራዬ ስለሚበቃ አልፈዋለሁ፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ይህን ዕቃ የሚያስመሰግነውም የሚያስወቅሰውም የሙቀት ክትትሉና የኃይል አያያዙ ነው።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠረፍ ከተሞች አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በመሆኑም አንድ ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ከፋብሪካ የመጣው የማራገቢያ ቅንብር ደግሞ ጸጥታን የሚያስቀድም በመሆኑ፣ በሚያዝያ ሙቀት ትልልቅ ፖስተሮችን ሳዘጋጅ ፕሮሰሰሩ ለ95 ዲግሪ ጣሪያው ይቀርብ ነበር። ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው የቦርዱ የራሱ ማስተካከያ) ገብቼ ማራገቢያው ከ60 ዲግሪ ጀምሮ እንዲበረታ አደረግሁ፤ የፕሮሰሰሩንም የኃይል ወሰን ከ65 ወደ 45 ዋት ዝቅ አድርጌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ረጅም ሥራ ላይ ጥቂት ይዘገያል እንጂ ሙቀቱ አያሰጋኝም። ባለ ሦስት ፒን ማራገቢያ (የፍጥነት ትእዛዝ የሚቀበልበት አራተኛ ሽቦ የሌለው) የሚጠቀም ሰው ግን መቆጣጠሪያውን በቮልቴጅ ወደሚሠራው ምርጫ መቀየር አለበት፤ ያለዚያ ማራገቢያው ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ይጮኻል።

የቮልቴጅ ንባቡ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። አንድ የክትትል ፕሮግራም ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚያከፋፍለው ሣጥን) የሚመጣውን የ12 ቮልት መስመር 8 ቮልት ገደማ ብሎ ሲያሳየኝ፣ ባዮሱ ራሱ ግን ከ12 ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳይ ነበር፤ በቴስተር ስለካውም ባዮሱ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ፣ የመለኪያው ቺፕ 12 ቮልትን በቀጥታ መለካት ስለማይችል ቮልቴጁ በሬዚስተር ተቀንሶ ይደርሰዋል፤ ፕሮግራሙም ንባቡን መልሶ ያባዛዋል። የማባዣው ቁጥር ከቦርድ ቦርድ ስለሚለያይ፣ ፕሮግራሙ ካላወቀው የሐሰት ንባብ ይሰጣል። ኤቲኤክስ የተባለው የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ደረጃ ለዚህ መስመር የሚፈቅደው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ስለሆነ፣ 8 ቮልት እውነት ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ መሥራቱም ያጠራጥር ነበር። ደግሞም ይህ ንባብ ከፓወር ሰፕላዩ በኋላ ያለውን እንጂ የግድግዳውን 220 ቮልት መዋዠቅ አያሳይም፤ ለዚያ ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ) ያስፈልጋል።

ቦርዱ መብራት ሄዶ ሲመለስ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያስመርጥ ቅንብር አለው፤ ጠፍቶ እንዲቆይ፣ እንዲበራ፣ ወይም ወደነበረበት እንዲመለስ ማድረግ ይቻላል። መብራት መጥቶ ወዲያው ተመልሶ ሲሄድ ሃርድ ዲስኩ አብሮ እየተነሣ እየወደቀ እንዳይጎዳ፣ ጠፍቶ እንዲቆይ የሚለውን መርጫለሁ። ኮምፒውተሩን ሳይዘጋ በሚያስተኛው ስሊፕ ላይም እምነት አልጥልም፤ የተከፈተው ሥራ በራም ላይ ብቻ ስለሚቀመጥ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። ሃይበርኔት ግን ሁሉን ነገር ዲስክ ላይ ጽፎ ስለሚዘጋ፣ ለመነሣት ቢዘገይም ለምሳ ስወጣ የምጠቀመው እሱን ነው።

የማልወደው ነገር፣ ኮምፒውተሩ ከጠፋም በኋላ በስታንድባዩ 5 ቮልት (ኮምፒውተሩ ሲጠፋም በማይቋረጠው አነስተኛ ኃይል) ኪቦርዱና ማውሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያበሩ ማደራቸው ነው፤ የሐይቁ ዳር ነፍሳትም ብርሃን አይተው ይሰበሰባሉ። ይህን የሚያጠፋው ኢአርፒ የተባለው የኃይል ቁጠባ ቅንብር ሲበራ ኮምፒውተሩን በኪቦርድ ማስነሣት አብሮ ይቀራል፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ማጥፋት ግን በዚህ ቦርድ ላይ አልተቻለም።