ሣር ማጨጃ ማሽን ሲገዛ፦ ከስሙ በፊት መለዋወጫው

በሰሜን ቨርጂኒያ የሰው ግቢ ሣር በማጨድ ሥራ ከተሰማራሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በየዓመቱ መጋቢት ላይ ሣሩ መለምለም ሲጀምር፣ አዲስ ቤት የገዙ ወገኖቼ እየደወሉ የትኛውን ማሽን ቢገዙ እንደሚሻላቸው ይጠይቁኛል። ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ ስለ ዋጋና ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቃቸው ማሽኑ በአምስተኛው ዓመት ሲበላሽ ዕቃውን ከየት እንደሚያገኙለት አስበውበት እንደሆነ ነው። በዚህ አካባቢ ሣር ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ይታጨዳል፤ በተለይ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲበረታ በየሳምንቱ ያልታጨደ ግቢ ማሽን አላስኬድ ይላል። በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ አንድ ዕቃ ለሁለት ሳምንት ከታጣ፣ ማሽኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን እንደሌለ ይቆጠራል።

ይህን ያስተማረኝ የመጀመሪያው ማሽኔ ነው። ስሙን መጥራት አልፈልግም፤ ከአንድ ትልቅ መደብር በርካሽ የገዛሁት ሲሆን ሞተሩ እስከ መጨረሻው ቀን አላስቸገረኝም። በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ግን የኋላ ጎማውን የሚያዞረው የፕላስቲክ ጥርስ ተበልቶ አለቀና ማሽኑ በራሱ መሄዱን አቆመ። መደብሩ ማሽን እንጂ መለዋወጫ እንደማይሸጥ ነገረኝ፤ አምራቹ ደግሞ ያ ዕቃ ከምርት መውጣቱን ገለጸልኝ። በመዳፍ ውስጥ በምትገባ አንዲት ጥርስ ምክንያት፣ ገመዱ ሲሳብ በአንድ ጊዜ የሚነሣ ሞተር የያዘውን ማሽን ለብረት ሰብሳቢ ሰጠሁት። እስካሁን ይቆጨኛል።

በጥራት ረገድ በእጄ ካለፉት ሁሉ የማስቀድመው ሆንዳን፣ በተለይም ኤችአርኤክስ 217 የተባለውን ሞዴል ነው። የቢላው መሸፈኛ ከብረት ሳይሆን ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ በመሆኑ ዝገት አያውቀውም፤ ሁለት ቢላ ተደራርበው ስለሚሠሩ ሣሩን አድቅቀው መልሰው መሬት ላይ ይበትኑታል። አንዳንዶቹ ዓይነቶች ሞተሩ ሳይጠፋ ቢላውን ብቻ የሚያቆም መያዣ አላቸው፤ ከአንዱ ሣር ወደ ሌላው ለመሻገር ጠጠር ላይ ማለፍ ለሚኖርበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ሆንዳ በሰሜን ካሮላይና ያካሂደው የነበረውን የሣር ማጨጃ ምርት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 አቁሟል። ዜናው ሲሰማ መለዋወጫውም አብሮ የሚጠፋ የመሰላቸው ብዙ ነበሩ። እኔ እስካሁን እንዳየሁት ግን ቢላው፣ ፊልትሮው፣ ገመዱና ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተሩ ከሆንዳ ነጋዴዎች ዘንድ አልጠፉም፤ ማሽኑ ለዓመታት በብዛት የተሸጠ ስለሆነ ሌሎች ፋብሪካዎችም ዕቃውን አመሳስለው ይሠሩለታል። ስለዚህ በደንብ የተያዘ አሮጌ ሆንዳ ያገኘ ሰው ሳይሠጋ ቢገዛው እመክራለሁ።

አዲስ ማሽን ለሚፈልግ ሰው የምጠቁመው ቶሮን ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1914 በሚኒሶታ የተቋቋመ ሲሆን፣ ሪሳይክለር የሚባለው ባለ 22 ኢንች ማሽኑ በየግቢው ከሚታዩት አንዱ ነው። በአካሉ ጥንካሬ ከሆንዳው ያንሳል፤ መሸፈኛው ብረት በመሆኑ እርጥብ ሣር ተለጥፎበት እየዋለ ካደረ ከውስጥ በኩል ይዝጋል፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ካንዴላውን ነቅሎ ማሽኑን በማዘንበል ሥሩን መጥረግ ያስፈልጋል። በመለዋወጫ በኩል ግን የሚስተካከለው አላገኘሁም። ከማሽኑ ጀርባ በተለጠፈው ምልክት ላይ የሞዴል ቁጥሩና መለያ ቁጥሩ ተጽፈዋል፤ ያንን ቁጥር በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ያስገባ ሰው፣ ማሽኑ እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ድረስ ተፈታትቶ የተሣለበትን ሥዕል ከነዕቃ ቁጥሩ ያለ ክፍያ ያገኛል። ከአሥር ዓመት በላይ ላገለገለ የአንድ ደንበኛዬ ቶሮ የማስኬጃ ቺንጊያና የመያዣ ገመድ ያገኘሁት በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ዕቃው በአራተኛው ቀን ደጄ ደርሶልኛል።

ስም ብቻውን መተማመኛ እንደማይሆን በሚገባ የሚያሳየው ክራፍትስማን ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ የሲርስ መደብር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ገዛው። ሲርስ የሣር ማጨጃዎቹን ለተለያዩ ፋብሪካዎች እያሠራ በዚህ ስም ይሸጥ ስለነበር፣ አሮጌ ክራፍትስማን ያለው ሰው ማወቅ የሚገባው ከሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይሆን የሞዴል ቁጥሩን መነሻ ነው። ቁጥሩ በ917 የሚጀምር ከሆነ ማሽኑ የወጣው በኋላ የሁስክቫርና ከሆነው ፋብሪካ ነው፤ በ247 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ የሠራው ኤምቲዲ የተባለው አምራች ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቆሙ ስማቸው አንድ ነው፤ የአንዱን ቢላ ለሌላው እገጥማለሁ ያለ ሰው ግን ገንዘቡን በከንቱ ያጠፋል። ይህን ቁጥር ማንበብ የሚችል ሰው ሌላም ጥቅም አለው፤ ኤምቲዲ ትሮይ ቢልትና ከብ ካዴት በሚባሉ ስሞች የሚሸጡትንም ማሽኖች ይሠራ ስለነበር፣ በአንዱ ስም ያልተገኘ ዕቃ በሌላው ስም የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

የማሽኑና የሞተሩ አምራች ሁለት ሊሆኑ እንደሚችሉም ብዙ ገዢ አያስተውልም። እ.ኤ.አ. በ1908 በሚልዋኪ የተመሠረተው ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተሩን ለብዙ አምራቾች ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ለሌላ ባለሀብት ቢሸጥም የሞተሮቹ መለዋወጫ ከገበያ አልጠፋም። በሞተሩ ላይ ሞዴል፣ ዓይነትና ኮድ የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ታትመዋል፤ ሦስቱንም ሳይዝ ወደ ዕቃ ሻጭ የሄደ ሰው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

ትክክለኛ ዕቃ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያድን አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ባለፈው ነሐሴ የአንዲት እናት ማሽን ሣር ውስጥ የተደበቀ የዛፍ ጉቶ መትቶ ከቆመ በኋላ አልነሣ ብሏቸው፣ ሊጥሉት ሲሉ ደረስኩ። ገመዱን ስስበው እጄን መልሶ ነጠቀኝ፤ ይህ እሳቱ ያለ ጊዜው የመምጣቱ ምልክት ነው። የላይኛውን ክዳን ፈትቼ ቮላኖውን፣ ማለትም ከሞተሩ ዘንግ ጋር አብሮ የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት፣ ሳነሣው፣ ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ከጣት ጥፍር የማትበልጥ የአሉሚኒየም ቁልፍ ተቆርጣ፣ ግማሿ በዘንጉ ስንጥቅ ግማሿ በቮላኖው ውስጥ ቀርታ አገኘኋት። ቮላኖው ከቦታው በጥቂቱ እንኳ ሲዞር ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ስለሚዛባ፣ ጤነኛው ሞተር አልነሣም ይላል። ቁልፏ ከጥቂት ዶላር አትበልጥም፤ የሞተሩን ቁጥሮች ይዤ በማግሥቱ ገዝቼ ገጠምኳት። ዘንጉ ራሱ ተጣሞ ቢሆን ኖሮ ግን መለዋወጫ መፈለጉ ትርፍ አልነበረውም።

ተመሳስለው የተሠሩ ርካሽ ዕቃዎችን በጅምላ አልነቅፍም። ፊልትሮና የማስነሻ ገመድ ከየትም ቢገዙ ይሠራሉ። ክረምቱን ሙሉ ውስጡ በከረመ፣ ኤታኖል በተቀላቀለበት ቤንዚን የተደፈነ ካርቡሬተርም መታጠብ እንቢ ካለ በርካሹ ሊተካ ይችላል፤ ከመክረሙ በፊት ቤንዚኑን መጨረስ ግን ከሁሉም ይሻላል። ቢላን በተመለከተ ግን አልደራደርም። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ገደማ ከእግር አጠገብ የሚሽከረከር ብረት ነውና፣ ቀዳዳው በትክክል የሚገጥም የአምራቹ ቢላ መሆን አለበት።

በባትሪ ከሚሠሩት ውስጥ ባለ 56 ቮልቱን ኢጎና ባለ 40 ቮልቱን ሪዮቢ ሞክሬያለሁ። ለትንሽ ግቢ ሁለቱም ይበቃሉ፤ ዘይትም ካርቡሬተርም ካንዴላም የላቸውም፤ ጎረቤትም አይረብሹም። ይሁን እንጂ የአንዱ ባትሪ ለሌላው አይገጥምም፤ ባትሪውም ዓመታት ሲያልፉ መድከሙ አይቀርም፤ የአዲሱ ባትሪ ዋጋ ደግሞ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ቀላል አይደለም። ስለዚህ የባትሪ ማሽን የሚገዛ ሰው ለወደፊቱ ባትሪም በጀት ይያዝ እላለሁ። በቀን ስምንት ዘጠኝ ግቢ ለምናጭድ ግን ቤንዚኑ ገና አልተተካም።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ወዳጄ ሱቅ ውስጥ ሁለት ማሽኖች ፊት ቆሞ ደወለልኝ። የሁለቱንም የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልኝ አደረግሁና፣ ለእያንዳንዳቸው ቢላ፣ የማስኬጃ ገመድ፣ ቺንጊያና የኋላ ጎማ ፈለግሁ። ለአንደኛው አራቱም ከነዋጋቸው ተገኙ። በ60 ዶላር ለሚረክሰው ለሁለተኛው ግን ከቢላው በቀር ምንም አልተገኘም። ወዳጄ የመጀመሪያውን ጭኖ ሄደ፤ የቁጥሩንም ፎቶ እስካሁን በስልኩ ይዞታል።